«የሙሉ ፀሐይ ሰዓት» ምንድን ነው? ሶላር ከመትከልዎ በፊት

ሶላር የሚሸጥበት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሰሙት ቃል ዋት ነው። «ይሄ ባለ 400 ነው፤ ያኛው ባለ 550።» ቁጥሩ ሲያድግ ዋጋውም ያድጋል። እኔም ለቤቴ ሳጠያይቅ የጀመርኩት ከዚያ ነበር። የፓኔሎቹን ዋት ደመርኩ፤ ቀኑ 12 ሰዓት ነው ብዬ በ12 አባዛሁ። የወጣልኝ ቁጥር ጎረቤቶቼን ጭምር የሚያበራ ነበር። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ማባዛት የነበረብኝ በ12 ሳይሆን በሌላ ቁጥር ነበር።

ያ ቁጥር የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ይባላል። የዘርፉ ሰዎች «ፒክ ሰን አወር» ይሉታል። ሶላር ልትከል ወይስ ይቅርብኝ እያለ ለሚያመነታ ሰው፣ ከፓኔሉ ብራንድ በፊት መታወቅ ያለበት እሱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፓኔሉ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ዋት የተለካው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሲለካ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት የሚሆን ብርሃን ይለቀቅበታል፤ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት የፓኔሉ ሴሎች ሙቀትም 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይያዛል። ይህን ያህል ብርሃን በግምት የሚገኘው ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ነው። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ አጋድላ ስለምትመጣ ብርሃኗ ብዙ አየር ማቋረጥ አለበት፤ እስኪደርስ ይሳሳል። ስለዚህ ባለ 400 የተባለው ፓኔል ቀኑን ሙሉ 400 ዋት አይሰጥም። አንዳንድ ቀን ጭራሽ 400 የምትባለውን ቁጥር ሳያያት ይመሻል።

በርሜል የሚሞላ ቧንቧ ያስቡ። ጠዋት ጠብ ጠብ ይላል። ረፋዱ ላይ ይጠነክራል። እኩለ ቀን ላይ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይወርዳል፤ ከዚያ እየቀጠነ ሄዶ ማታ ይቆማል። አሁን ቧንቧው ገና ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያንኑ ውሃ በስንት ሰዓት ይሞላው ነበር? መልሱ 5 ከሆነ፣ ቦታው በቀን 5 የሙሉ ፀሐይ ሰዓት አለው እንላለን። ፀሐይዋ ሰማይ ላይ 12 ሰዓት ውላ ይሆናል፤ ሥራዋ ግን የ5 ሰዓት ነው።

ስሌቱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ባለ 400 ዋት ፓኔል በ5 ሲባዛ 2,000 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 2 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ኪሎዋት ሰዓት የቤትዎ ቆጣሪ የሚቆጥረው ነገር ነው። ከዚህ ላይ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በኢንቨርተር (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን አድርጎ በሚቀይረው መሣሪያ) የሚባክነውን ወደ 20 በመቶ ገደማ ይቀንሱ። 1.6 ይቀራል። አምስት እንዲህ ያሉ ፓኔሎች፣ ማለትም 2 ኪሎዋት፣ በቀን 8 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣሉ ማለት ነው። በእኔ የ12 ሰዓት ሒሳብ 24 ነበር። ሦስት እጥፍ ተሳስቻለሁ።

የራስዎን ቁጥር ለማግኘት ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። የዓለም ባንክ ያዘጋጀው ግሎባል ሶላር አትላስ የሚባል ነፃ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለ። ቤትዎ ያለበትን ቦታ ሲነኩት በካሬ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ብርሃን እንደሚወርድ ይነግርዎታል። ያ ቁጥር የቀን ከሆነ፣ እሱው ራሱ የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ነው። የዓመት ከሆነ ለ365 ያካፍሉት። ከምድር ወገብ የራቁ ደመናማ ቦታዎች ወደ 3 አካባቢ ያገኛሉ፤ ደረቅ በረሃዎች ከ6 ያልፋሉ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የዓመቱ አማካይ 5 ነው ማለት በየወሩ 5 ነው ማለት አይደለም። ከመብራት መስመር ጋር ለተገናኘ ቤት አማካዩ ይበቃል፤ የጎደለውን መስመሩ ይሞላል። ጨርሶ መስመር ለሌለው ቤት ግን መታየት ያለበት የዓመቱ ደካማ ወር ነው። በደካማው ወር 3.5 ብቻ ካገኙ፣ ፓኔልና ባትሪ የሚገዙት በ3.5 አስልተው ነው። በአማካዩ የገዛ ሰው ያንን ወር በሻማ ያሳልፈዋል።

ስለ ብክነቱ ትንሽ ልበል፤ ሻጮች ቶሎ የሚያልፉት እሱን ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችን ፓኔል በሙቀት የሚሠራ ይመስለናል። የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ሙቀትማ ጠላቱ ነው። የተለመደው የሲሊከን ፓኔል ሴሎቹ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቁ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ የሚሆን ኃይል ያጣል። ጠራራ ላይ የዋለ ፓኔል ደግሞ 60 ዲግሪ ቢደርስ አይግረምዎ። ትርፉ 35 ዲግሪ ነው፤ ኪሳራው 12 በመቶ ገደማ። ብርሃኑ እኩል ከሆነ ነፋሻ ደጋ ከሚያቃጥል ቆላ የተሻለ የሚያመርተው ለዚህ ነው። ፓኔሉ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ሳይሆን አየር የሚያስገባ ክፍተት ተትቶለት የሚታሰረውም ለዚሁ ነው።

ጥላ ከሙቀት ይብሳል። ሴሎቹ እንደ ዶቃ በአንድ ክር የተሰኩ ናቸው። አንዷ ስትጠለል ክሩ ላይ ያሉትን ሁሉ ትይዛለች። ስለዚህ ብዙ ፓኔሎች ውስጥ ሦስት ዳዮዶች ይገባሉ፤ ዳዮዱ የተጠለለውን ክፍል ዘሎ ሌላውን ያስቀጥላል። ዘለለው ማለት ግን የፓኔሉ ሲሶ ሄደ ማለት ነው፤ ያውም የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ላረፈበት። የውሃ ታንከር፣ የጎረቤት ፎቅ፣ የዲሽ ምሰሶ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የሙሉ ፀሐይ ሰዓት የሚባለው ካርታው ላይ ያለው ቁጥር የጎረቤትዎን ዛፍ አያውቀውም። አንድ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት ወጥተው ጣሪያዎን ይዩት። ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትሄድበት ወቅት ጥላው እንደሚረዝምም አይርሱ። ለእያንዳንዱ ፓኔል የራሱን ትንሽ ኢንቨርተር ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ወጪው ግን ይጨምራል።

አቅጣጫው አጭር ነው፤ ፓኔሉ ወደ ምድር ወገብ ይዙር። ከወገቡ አጠገብ ላለ ቤት ብዙም ለውጥ የለውም፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ግን ትንሽ ያዘንብሉት።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ እንግባ። የመብራት ቢልዎን አውጥተው በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጁ ይዩና ለ30 ያካፍሉት። 8 ከመጣ፣ ከላይ ያልነው 2 ኪሎዋት በወረቀት ላይ ልክክ አለ። በወረቀት ላይ ያልኩት በምክንያት ነው። ሶላር የሚያመርተው ቀን ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ቤቱ የሚሰበሰበው ደግሞ ማታ። ቀን ሰው የሌለበት ቤት ከ8ቱ ግማሹን እንኳ ላይጠቀም ይችላል። የቀረው የት ይሄዳል? ወይ ባትሪ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ለመስመሩ ይሸጣል፣ ወይ በከንቱ ይቀራል። ባትሪ ደግሞ ርካሽ አይደለም። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ካወረዱት ዕድሜው ያጥራል፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ከያዘው ኃይል ከ80 በመቶ በላይ ያስጠቅማል። ስለዚህ ሁለት ባትሪዎች መጠናቸው እኩል ተጽፎ እውነተኛ አቅማቸው ለየቅል ነው።

መብራት ሲጠፋ እገላገላለሁ ብለው ለሚተክሉ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባትሪ የሌለውና ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን። ብልሽት አይደለም። መስመሩን ሊጠግን የወጣውን ሠራተኛ ከእርስዎ ጣሪያ የመጣ ኃይል እንዳይመታው ኢንቨርተሩ ራሱን እንዲዘጋ ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን ሳይሰሙ የገዙ ሰዎች መጀመሪያ መብራት የጠፋ ዕለት ቴክኒሻኑን ይረግማሉ።

ወጪው መቼ ይመለሳል? በዓመት ራስዎ የሚጠቀሙበትን ኪሎዋት ሰዓት በአንዱ ዋጋ ያባዙ፤ ጠቅላላ ወጪውን ለዚያ ያካፍሉ። በቀን 8 ሙሉውን ከተጠቀሙ በዓመት 2,920 ይሆናል። ግማሹን ብቻ ከተጠቀሙ 1,460፤ የመመለሻው ዓመትም እጥፍ ይሆናል። ፓኔሉ በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ እየደከመ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል። ኢንቨርተሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው ዕድሜው፤ አንድ መቀየሪያ ከወዲሁ ወጪው ውስጥ ይደምሩ። ጣሪያዎ ራሱ ሊቀየር 5 ዓመት የቀረው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጣሪያውን ይጨርሱ። ፓኔል አውርዶ መልሶ መስቀል ሁለተኛ ክፍያ ነው።

በእኔ እምነት፣ ቀን ሰው የሚውልበት፣ ጥላ የሌለው ጣሪያ ያለውና የመብራት ዋጋው የሚከብደው ቤት ብዙ ማመንታት የለበትም። ኪራይ ቤት ያለ፣ ወይም የቢሉ ትልቁ ክፍል ውሃ ማሞቂያ የሆነበት ሰው ግን ቆም ይበል። ለሙቅ ውሃ በቀጥታ በፀሐይ የሚያሞቀው ታንከር ከፓኔል ይልቅ ያዋጣው ይሆናል።

ሻጩ ጋ ሲመለሱ ዋቱን ይተዉትና ይህን ይጠይቁት፦ «የነገርከኝን ኪሎዋት ሰዓት ያሰላኸው በስንት የሙሉ ፀሐይ ሰዓት ነው? የየትኛው ወር?» ከስልኩ ካርታውን አውጥቶ ካሳየዎት ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። በ12 አባዝቶ ከሆነ የሰጠዎት የእኔን ስሌት ነው፤ አመስግነው ይውጡ።