የሩማቶይድ አርትራይተስ መለኪያዎች ምን ያህል ይታመናሉ?

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ ስኳር በአንድ ጠብታ ደም ይታወቃል። የዚህን በሽታ ግለት ለብቻው የሚነግር መሣሪያ ግን የለም። ሐኪሙ በእጁ የዳሰሰውን፣ ታካሚው የተናገረውን እና የደም ምርመራውን አዋህዶ አንድ ቁጥር ያወጣል። መድኃኒት የሚጨመረውም የሚቀየረውም ያንን ቁጥር ታይቶ ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ዳስ28 ይባላል። የተወለደው ኔዘርላንድስ፣ ናይሜኸን ከተማ ውስጥ ነው፤ የአሁኑ ቀመር በ1995 እ.ኤ.አ. ታተመ። 28ቱ መገጣጠሚያዎች ሁለቱ ትከሻዎች፣ ክርኖች፣ የእጅ አንጓዎች፣ ጉልበቶች እና 20 የእጅ ጣት መገጣጠሚያዎች ናቸው። ስንቱ ሲነካ ያማል? ስንቱስ አብጧል? ከዚያ የሰውነት ብግነትን የሚጠቁመው፣ ኢኤስአር የሚባለው የደም ምርመራ እና ታካሚው ለራሱ ጤንነት የሰጠው ነጥብ ይገባሉ። ከ2.6 በታች ከሆነ በሽታው ጋብ ብሏል፤ ከ5.1 በላይ ከሆነ ተቀስቅሷል ይባላል። እግር ግን አይቆጠርም። ቁርጭምጭሚቱና የእግር ጣቶቹ አብጠው በደንብ መራመድ ያቃተው ሰው ጥሩ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ዋናው ፈተና የመርማሪው እጅ ነው። አንድ ሐኪም ያንኑ ሰው ደግሞ ቢመረምር ውጤቱ በአብዛኛው ይቀራረባል። ሁለት ሐኪሞች ሲሆኑ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በተለይ እብጠት ላይ። የሚያመውን ታካሚው ራሱ «እዚህ ጋ» ይላል። እብጠትን ግን ከስብ፣ ወይም በዕድሜ ከመጣ የአጥንት መወፈር መለየት ልምድ ይጠይቃል። ችግሩ፣ የበሽታውን ጉዳት ይበልጥ የሚጠቁመው ያው ለመስማማት የሚያስቸግረው እብጠት መሆኑ ነው። አንድ ላይ መሠልጠን ልዩነቱን ይቀንሳል። ለምሳሌ በአውራ ጣት ሲጫኑ ጥፍሩ ነጣ እስኪል ድረስ ብቻ መጫን የተለመደ መመሪያ ነው።

ቀመሩም የራሱ ጠባይ አለው። ኢኤስአር ከ10 ወደ 20 ቢወጣ የዳስ28 ነጥብ በ0.5 ገደማ ይጨምራል። ከ50 ወደ 60 ቢወጣ ግን ጭማሪው 0.13 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 2.4 የነበረ ሰው መገጣጠሚያው ሳይለወጥ 2.9 ሊሆን ይችላል። ኢኤስአር ደግሞ በደም ማነስ፣ በእርግዝና እና በዕድሜ ይጨምራል። በተቃራኒው ቶሲሊዙማብ የተባለው መድኃኒት የደም ምልክቶቹን በቀጥታ ስለሚያወርድ፣ ቁጥሩ ከመገጣጠሚያው ቀድሞ ሊሻሻል ይችላል። ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን የሚያሳምም ሌላ በሽታ) ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ቦታ ስለሚያመው፣ እብጠት ሳይኖረው ነጥቡ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው ድምሩን ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ማየት የሚያስፈልገው።

ሲዲኤአይ የሚባለው መለኪያ የደም ምርመራ አይፈልግም። የሚያሙትና ያበጡት መገጣጠሚያዎች ቁጥር ላይ የታካሚውና የሐኪሙ ነጥብ ይደመራል፤ እያንዳንዳቸው ከ10 ነው። ከፍተኛው 76 ነው። 2.8 እና ከዚያ በታች በሽታው ጋብ ማለቱን ያሳያል። ስሌቱ ተራ መደመር ስለሆነ ታካሚው ፊት በወረቀት ይሠራል። የላቦራቶሪ ውጤት በሚዘገይበት ወይም ታካሚው ከኪሱ በሚከፍልበት ቦታ፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ይህን እመርጣለሁ።

ጠዋት መገጣጠሚያ ስንት ደቂቃ አልታጠፍ ብሎ ቆየ የሚለው ጥያቄ ድሮ ትልቅ ቦታ ነበረው። ሰው ሰዓቱን በትክክል ስለማያስታውስ ዛሬ ከዋናዎቹ ቀመሮች ውስጥ የለም። የእጅ መጨበጥ ኃይልንም ሐኪሞች በደም ግፊት መለኪያ ከረጢት ይለኩት ነበር። አልትራሳውንድ በእጅ የማይገኝ እብጠት ያሳያል፤ እሱም ግን የሚይዘው ሰው ልምድ ላይ ይወሰናል።

ክትትል ላይ ያለ ሰው ቢቻል በአንድ ሐኪም፣ በተቀራራቢ ሰዓት ቢታይ ይመረጣል፤ ጠዋት የባሰበት መገጣጠሚያ ከሰዓት በኋላ ሊቀለው ይችላልና። የእግር ህመም ካለ ሳይጠየቁም መናገር ነው።