«የሲኤንኤን ውጤት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ አነጋገር ብዙዎችን የሚያደናግረው ስለ አንድ ጣቢያ፣ ስለ አሜሪካው የቴሌቪዥን ዜና ጣቢያ ሲኤንኤን፣ ብቻ የሚናገር ስለሚመስል ነው፤ የሚገልጸው ግን ያልተቋረጠ የዜና ሽፋን የሕዝብን ስሜት ቀስቅሶ መንግሥትን ወደ አስቸኳይ እርምጃ የሚገፋበትን ሁኔታ ነው። ጎርፍ የከበባቸው ሰዎች ጣሪያ ላይ ሆነው ጨርቅ ሲያውለበልቡ ሕዝቡ ካየ፣ ለባለሥልጣናቱ ከወጪው ይልቅ ዝምታው ይከብዳቸዋል። ቀስ ብሎ የሚገድለው ድርቅ ግን እንዲህ ያለ ምስል እምብዛም የለውም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ዴቪድ ስትሮምበርግ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1968 እስከ 2002 የደረሱ 5,000 ያህል የተፈጥሮ አደጋዎችን መርምረው፣ አደጋው የዜናውን ቦታ ከሚይዙት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ጋር ሲገጣጠም አሜሪካ እርዳታ የመስጠቷ ዕድል እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ የተጎጂዎቹ ችግር ያው ሆኖ ሳለ ማለት ነው። በእኔ ግምት ካሜራው የሚያፋጥነው በአብዛኛው የነፍስ አድን ሥራውን እንጂ፣ ዜና የማይሆነውን የጎርፍ መከላከያ ጥገና አይደለም።