ቤንባን፦ ትልቅ የሶላር ማመንጫ እንዴት ይገነባል?

ቤንባን በደቡብ ግብፅ ያለ የሶላር ፓርክ ነው። ከአስዋን ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአባይ በስተምዕራብ ባለው በረሃ ላይ ተሠርቷል። ስሙን ያገኘው በወንዙ ዳር ካለችው መንደር ነው። ስፋቱ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ አንድ ይምሰል እንጂ ጎን ለጎን የተሠሩ 32 ማመንጫዎች ናቸው። ሁሉም ተደምረው እስከ 1465 ሜጋዋት ወደ ግሪዱ፣ ማለትም ወደ አገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ፣ ይልካሉ። ለማነጻጸር ያህል፣ የእኛው ጊቤ 3 አቅም 1870 ሜጋዋት ነው።

ሶላር ሲባል የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው ፓነሉ ላይ ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ቀላሉ ነገር ፓነሉ ነው እላለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ታሽጎ ይመጣል። ከባዱ ሥራ ያለው መሬቱ ላይ፣ ሽቦው ላይና ውሉ ላይ ነው። ቤንባንን መርጬ የምጽፈውም ሦስቱም እዚያ ቁልጭ ብለው ስለሚታዩ ነው።

ከውሉ ልጀምር፤ ሥራው ራሱ የጀመረው ከዚያ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግብፅ በ2013 እና በ2014 በጋ መብራት እየደጋገመ ይጠፋባት ነበር። መንግሥት በ2014 ከሶላር ለሚመነጭ ኃይል ቋሚ የመግዣ ዋጋ አወጣ። ከ20 እስከ 50 ሜጋዋት አቅም ላለው ማመንጫ ዋጋው በኪሎዋት-ሰዓት 14.34 የአሜሪካ ሳንቲም ሆነ። ውሉ ደግሞ ለ25 ዓመት ነው። የፓርኩ ቅርፅ የመጣው ከዚሁ ነው። ጣሪያው 50 ሜጋዋት ስለነበር በረሃው በ41 ቦታ ተሸነሸነ፤ እያንዳንዱ ባለሀብት የድርሻውን ወሰደ። በመጨረሻ ማመንጫ የተሠራው ግን በ32ቱ ላይ ነው።

ዋጋው ጥሩ ነበር። ገንዘቡ ግን አልመጣም። አበዳሪዎቹን የከነከናቸው አንድ አንቀጽ ነው፦ ጠብ ቢነሳ ክርክሩ የሚዳኘው ካይሮ ውስጥ ነው ይላል። ለ25 ዓመት ገንዘቡን አሸዋ ላይ የሚያፈስ ባንክ እንዲህ ያለውን አንቀጽ አይቶ አያልፍም። ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ዙር ወጡ። በሁለተኛው ዙር መንግሥት ዋጋውን ወደ 8.4 ሳንቲም አወረደው፤ በምትኩ ክርክሩ ከአገር ውጭ እንዲታይ ፈቀደ። ዋጋው በ40 በመቶ ገደማ ወርዶ ሳለ ገንዘቡ መጣ! በ2017 በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን የሚመራ ቡድን ለ13 ማመንጫዎች 653 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክም ለ16 ማመንጫዎች አበደረ። ከዚህ የበለጠ ስለ ውል የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ባለሀብቱ ከትልቅ ዋጋ ይልቅ የሚተማመንበት ወረቀት መርጧል።

ቦታው ለምን እዚያ ሆነ? ፀሐይ በግብፅ የትም አለ። አስዋን አካባቢ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 2300 ኪሎዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህ በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ፀሐይ ብቻውን ግን አይበቃም። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ አይታረስበትም፤ መንገድ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር ቅርብ ነው። መስመር የሌለበት ቦታ ላይ የተገኘ ፀሐይ ለኃይል መሐንዲስ ብዙም አያስደስትም። እግረ መንገዴን ልጥቀስ፤ ግብፅ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ፍራንክ ሹማን የተባለ አሜሪካዊ በ1913 ካይሮ አጠገብ ማዓዲ ላይ የፀሐይን ሙቀት በመስታወት ሰብስቦ፣ በእንፋሎት የአባይን ውሃ ለመስኖ ስቦ ነበር። ሥራውን ያስቆመው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ንድፉ ይመጣል። ፓነሎች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ የአንዱ ቮልቴጅ በሌላው ላይ እየተደመረ ይሄዳል። በዛሬ ትልልቅ ማመንጫዎች ጣሪያው 1500 ቮልት ነው። ስንት ፓነል በአንድ መስመር ይያያዝ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ሙቀት ሳይሆን ብርድ ነው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። ስለዚህ መሐንዲሱ በረሃ መሃል ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ዓመቱን ሙሉ በጣም የሚቀዘቅዘውን ጠዋት ነው። ሙቀቱ የሚጎዳው ምርቱን ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ፓነሉ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ኃይል ያጣል። በአስዋን በጋ የፓነሉ ገላ 65 ዲግሪ ቢደርስ ሙቀቱ ከጉልበቱ ሲሶውን ባይሆንም ከአሥር እጅ ከአንዱ በላይ ቀማው ማለት ነው።

ከፓነሉ የሚወጣው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ዲሲ፣ ኢንቨርተር በሚባል መሣሪያ ወደ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ወደ ኤሲ፣ ይቀየራል። እዚህ ላይ ለጀማሪ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በቤንባን መጀመሪያ የተሠራው ማመንጫ የሚልከው 50 ሜጋዋት ነው፤ የፓነሎቹ ድምር ግን 64 ሜጋዋት ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ፓነሉ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ፓነሉን አብዝቶ ማስቀመጥ ጠዋትና ማታ ኢንቨርተሩ ሥራ እንዳይፈታ ያደርጋል። እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ይባክናል፤ ሒሳቡ ግን ያዋጣል።

አሁን ወደ መሬቱ። ፓነሎቹን የሚሸከሙት ወደ መሬት የሚመቱ የብረት ቋሚዎች ናቸው። እዚህ ዋናው ጠላት ክብደት አይደለም፤ ንፋስ ነው። ሰፊ የፓነል ገበታ እንደ ሸራ ንፋስ ይይዛል፤ ቋሚውን ከሥሩ ነቅሎ ሊያወጣው ይታገላል። ስለዚህ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የመንቀል ሙከራ ይደረጋል። በሜዳው የተለያየ ቦታ ላይ ናሙና ቋሚዎች ይመታሉ። ሁለቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለቱ ሁለት ሜትር፣ እንዲህ እያለ። ከዚያ አንገታቸው ላይ ሰንሰለት ይታሰርና በኤክስካቫተር ወይም በእጅ ዊንች ወደ ላይ ይሳባሉ። መሃል ላይ ጉልበቱን የሚለካ መሣሪያ አለ። ከጎን ደግሞ ቋሚው ስንት ሚሊ ሜትር እንደተነቃነቀ የሚያሳይ ሰዓት መሰል መለኪያ ይደገናል። ጉልበቱ በደረጃ ይጨመራል፤ በየደረጃው ቆም ተብሎ ይነበባል። ወደ ጎንም ይገፋል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ግን የብዙ ገንዘብ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው። 20000 ቋሚ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ መቆጠብ ማለት 4 ኪሎ ሜትር ብረት ማትረፍ ነው። አሳጥሮ መሳሳት ደግሞ በመጀመሪያው ማዕበል ፓነሉን ከነብረቱ መሬት ላይ ማግኘት ነው።

መሬቱ ሁሌ እሺ አይልም። ላዩ አሸዋና ጠጠር ይሆንና ከሥሩ አለት ይወጣል። ያኔ መዶሻው ቢደበድብ ቋሚው አናቱ ይጣመማል እንጂ አይወርድም። መጀመሪያ በድሪል ተበስቶ፣ ቋሚው ገብቶ፣ ዙሪያው መሞላት አለበት። ይህ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። የአፈር ጥናቱን ቸኩሎ ያለፈ ኮንትራክተር የሚያለቅሰው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

በቤንባን ብዙዎቹ ማመንጫዎች ትራከር ይጠቀማሉ። ፓነሎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ ዘንግ ላይ ይታሰሩና ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ ይዞራሉ። ንፋስ ሲበረታ መለኪያው ያዝዝና ወደማይጎዱበት አቅጣጫ ይታጠፋሉ። አንዳንዶቹ ማመንጫዎች ደግሞ በሁለቱም ገጽ ብርሃን የሚይዝ ፓነል ተክለዋል። የበረሃው አሸዋ ፈካ ያለ ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሳል፤ የፓነሉ ጀርባም ይሠራል።

ሽቦው ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው ትንሹ ነገር ነው፤ ኮኔክተር፣ ማለትም የሽቦ መጋጠሚያ። ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ ፕላስቲክ ነው፤ በአንድ ማመንጫ ውስጥ ግን አሥር ሺዎች አሉ። ሠራተኛው በትክክለኛው መሣሪያ ካልጨመቀው፣ ወይም የአንዱን ፋብሪካ ወንድ ከሌላው ፋብሪካ ሴት ጋር ካጋጠመው፣ መጋጠሚያው ቀስ እያለ ይግላል። ከወራት በኋላ ይቀልጣል፤ እሳትም ያስነሳል። እነዚህን አንድ በአንድ የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ መቅጠር ውድ አይደለም፤ አለመቅጠሩ ነው ውዱ። ሁለተኛው ትልቁ ነገር ነው፤ ሰብስቴሽን፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚቀየርበት ጣቢያ። በቤንባን ከየማመንጫው የሚወጣው ኃይል በ22 ኪሎ ቮልት በመሬት ውስጥ ኬብል ተሰብስቦ አራት አዳዲስ ሰብስቴሽኖች ጋ ይደርሳል። እዚያ ወደ 220 ኪሎ ቮልት ከፍ ይላል። ትልቅ ትራንስፎርመር ከገበያ ተነስቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ በባሕር ተጭኖ ይመጣል። ፓነሉ አልቆ ሰብስቴሽን የሚጠበቅበት ፕሮጀክት በየአገሩ ሞልቷል።

ግንባታው ሲጦፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በአንድ በረሃ ላይ ብዙ የተለያየ ሥራ ተቋራጭ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚመላለስ ከባድ መኪና። ባለሀብቶቹ ማኅበር አቋቁመው የመንገዱን፣ የጥበቃውን፣ የቆሻሻውንና የደኅንነቱን ጉዳይ በጋራ የሚመራ ድርጅት ቀጠሩ። ከአካባቢው መንደሮች ሰው እንዴት እንደሚቀጠር፣ ቅሬታ እንዴት እንደሚሰማም በዚያው ተያዘ። ይህን ሥራ ከምሕንድስና አሳንሶ ማየት ስህተት ይመስለኛል። መንደሩ ያኮረፈው ማመንጫ መግቢያው በር ላይ ይቆማል።

በ2019 መጨረሻ ፓርኩ ተጠናቀቀ። ጠቅላላ ምርቱ በዓመት ወደ 3.8 ቢሊዮን ኪሎዋት-ሰዓት ይገመታል። ከዚያ ወዲህ የዕለት ተዕለቱ ሥራ አቧራ ነው። ውሃ ውድ በሆነበት በረሃ ፓነሉ በደረቅ ብሩሽ መጠረጉ ይመረጣል። ብሩሹ ከጠነከረ መስታወቱን ይጭራል፤ ከላላ አቧራውን አያነሳም። ሲመሽ ደግሞ ምርቱ ዜሮ ይሆናል፤ ሰው መብራት የሚያበራው ግን ያኔ ነው። እዚህ ላይ ግብፅ የታደለችው 2100 ሜጋዋት አቅም ያለው የአስዋን ግድብ እዚያው አጠገብ መኖሩ ነው። ግድብ ውሃውን ቀን ይዞ ማታ መልቀቅ ይችላል።

ኢትዮጵያም ግድቦች አሏት፤ የሕዳሴው ግድብ ብቻውን 5150 ሜጋዋት ነው። ቀን በሶላር እየሠሩ ውሃን ለምሽት ማቆየት ለእኛ ከማንም በላይ ይመቸናል። በ2019 በአፋር ዲቼቶ እና በሶማሌ ክልል ጋድ ለሚሠሩ ሁለት ባለ 125 ሜጋዋት ማመንጫዎች በተደረገው ጨረታ ያሸነፈው ዋጋ በኪሎዋት-ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ያኔ በአፍሪካ ከታዩት እጅግ ርካሽ ዋጋዎች አንዱ ነው። ግንባታው ግን በታሰበው ጊዜ አልተጀመረም። በኢትዮጵያ የኃይል ዘርፍ ባለሀብቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ በብር የተሸጠውን ኃይል በምን ዋስትና ወደ ዶላር ቀይረን እናወጣዋለን የሚል ነው። በምሕንድስናውም ቤንባንን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የአፋር ቆላ ጨው የበዛበት አፈር ብረት ይበላል፤ የቋሚው ልባስ መወፈር አለበት። ደጋው ላይ ያለው ጥቁር መረሬ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱ ቋሚውን እየገፋ ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ የመንቀል ሙከራው በበጋ ብቻ ሳይሆን በክረምትም መደረግ ይኖርበታል።