ከማሳ የወጣ አሮጌ አዝራር፦ ብዙ ጊዜ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እንግሊዝ አገር ማሳ ላይ በሜታል ዲቴክተር (አፈር ውስጥ ያለ ብረታ ብረት በሚፈልግ መሣሪያ) ስንዞር ከሳንቲም በላይ ደጋግሞ የሚወጣው አዝራር ነው። የኮት፣ የሱሪ፣ የሰደርያ ቁልፍ። ብዙ ሰው በግምት «የወታደር ነው» ይልና ኪሱ ይከተዋል፣ ካልሆነም መልሶ ይወረውረዋል። እኔ ግን አዝራር እወዳለሁ። ሰው ገላ ላይ የዋለ ነገር ነው። የማን እንደነበረ በስህተት ሲነገር ቅር ይለኛል። ስለዚህ በብዛት የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እንስሳ ወይም አርማ ካለበት የወታደር ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አዝራር አገኘሁ። ጭቃው ሲነሳ የአንበሳ ራስ ታየ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ወዲያው «የንጉሥ ጦር!» አለ። ጠጋ ብለን ስናይ ግን ከአንበሳው አንገት በታች አጭር፣ እንደ ገመድ የተገመደች ዘንግ አለች። ምልክቷ እሷ ናት። የእንግሊዝ ባላባቶች የቤተሰብ አርማ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በተገመደ ጨርቅ ላይ ነው። አዝራሩ የአንድ ባላባት ቤት ነው ማለት ነው።

ግን ልብሱን የለበሰው ባላባቱ አይደለም፤ አሽከሩ ነው። ሠረገላ ነጂው፣ በር ከፋቹ፣ አሳላፊው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሀብታም ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ደንብ ልብስ ያለብሱ ነበር፤ አዝራሩም ላይ የጌታው አርማ ይታተማል። ያን አሽከር ወታደር ስንለው የሠራበትን ዕድሜ ሁሉ እንደ መሰረዝ ነው። ለዚህ ነው ይሄን ስህተት አስቀድሜ ያነሳሁት።

የእውነት የወታደር ሲሆን ብዙ ጊዜ ቁጥር ወይም የሬጅመንት (የጦር ክፍል) ስም አለው። የእንግሊዝ እግረኛ ጦር ከ1767 ጀምሮ የሬጅመንቱን ቁጥር አዝራር ላይ እንዲያደርግ ታዘዘ። ተራው ወታደር እስከ 1871 ድረስ ባለቁጥሩን ይለብስ ነበር። 33 የሚል ቢያጋጥማችሁ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ከባድ ቁጥር ነው፦ ሚያዝያ 1868 የመቅደላን በር ሰብሮ የገባው 33ኛው ሬጅመንት ነበር። ያም ሆኖ ቁጥሩ ብቻውን «መቅደላ የነበረ ነው» አያሰኝም። ያንን ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ሰው ለብሶታል።

«ዘውድ አለው፣ ስለዚህ የቪክቶሪያ ዘመን ነው»

የዘውዱን ቅርጽ እዩ። ቅስቱ ክብ ሆኖ ወደ ላይ ካበጠ ብዙውን ጊዜ ከ1901 እስከ 1952 ያለው ነው። መሐሉ ጎድጎድ ካለ የቪክቶሪያ ወይም ከ1953 ወዲህ ያለው የኤልሳቤጥ ሊሆን ይችላል። ዘውድ ደግሞ ፖሊስም ፖስታ ቤትም ይጠቀሙበታል።

«ጀርባው ላይ ጊልት ይላል፣ ወርቅ ነው»

ጊልት ማለት በወርቅ የተለበጠ ማለት ነው፤ ውስጡ መዳብ ወይም ነሐስ ነው። በ1796 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ መጠኑን ወስኖታል። አንድ ኢንች ስፋት ያላቸው 144 አዝራሮች ጊልት ለመባል በድምሩ 5 ግሬን ወርቅ ይበቃቸዋል። ይህም አንድ ሦስተኛ ግራም ገደማ ነው። ለአንዱ አዝራር ሲካፈል 2 ሚሊግራም ገደማ ነው። «ትሬብል ጊልት» የሚለው ሦስት እጥፍ ነው፤ እሱም ቢሆን 144ቱ ተደምረው አንድ ግራም አካባቢ። ጽሑፉ ጠቃሚ የሚሆነው ለሌላ ነገር ነው፦ ትሬብል ጊልት በብዛት የሚገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አዝራሮች ላይ ስለሆነ ዘመኑን ይጠቁማል።

«ብዙ አዝራር የወጣበት ማሳ ጦር ሜዳ ነበር»

ይሄን ስሰማ ሁሌም ስለ ማዳበሪያ ማውራት እጀምራለሁ። ገበሬው ድሮ ከከተማ ቆሻሻ እየገዛ ማሳው ላይ ይበትን ነበር። ከለንደን በጀልባ እየተጫነ ወደ ገጠር ይሄድ ነበር፤ የጓዳ ጥራጊው፣ አመዱ፣ የሽንት ቤቱም ሳይቀር። በዚያ ላይ የሱፍ ጨርቅ ቁርጥራጭና አሮጌ ልብስ ነበር። ሱፍ ናይትሮጅን አለው፤ አፈር ውስጥ ቀስ እያለ ይበሰብሳል፤ ለሰብል ይስማማል። ኬንት ውስጥ ለቢራ የሚሆነውን ሆፕ የሚያበቅሉ ገበሬዎች (ሆፕ ለነሱ እንደኛ ጌሾ ነው) በዚህ ጨርቅ ይታወቃሉ። የተጣለ የወታደር ኮትም አብሮ ይመጣል። ጨርቁ ይበሰብሳል፣ አዝራሩ ይቀራል። ስለዚህ የአምስት ሬጅመንት አዝራር አንድ ማሳ ላይ ብታገኙ አንድም ወታደር እዚያ ረግጦ ላያውቅ ይችላል።

«የፋብሪካው ስም ዕድሜውን ይነግራል»

ስሙ ብቻውን አይናገርም። ፊርሚን የሚባለው የለንደን አዝራር ሠሪ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የጀመረ ድርጅት ነው፤ ስሙ ለዘመናት ቆይቷል። አድራሻው ግን ተለዋውጧል። ጀርባው ላይ የመንገድ ስም ካለ እሱን ያዙ። አራት ቀዳዳ ያለው የነሐስ አዝራር ላይ የሰው ስምና የከተማ ስም ካያችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልብስ ሰፊው ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። የሱሪ ቁልፍ ነው።

«ጽሑፍ የሌለው አይረባም»

ገልብጡት። ጠፍጣፋ፣ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ክር የሚገባበት ቀለበት ከጀርባው ጋር አብሮ የቀለጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁለት ቆርቆሮ ጠርዝ ለጠርዝ ተጣጥፎ የተገጠመ፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ደግሞ ቤንጃሚን ሳንደርስ በርሚንግሃም ላይ በ1813 ካስተዋወቀው አሠራር ወዲህ የተለመደ ነው።

«መጀመሪያ መወልወል ነው»

አደራ፣ እንዳታደርጉት። እኛ ቤት ናስ በሎሚና በአመድ ሲታሸ እያየሁ ነው ያደግኩት። እኔም መጀመሪያ ያገኘሁትን ባለወርቅ ቅብ አዝራር እንደዚያው አሸሁት። ወርቁ ጣቴ ሥር ለቀቀ፤ ቀይ መዳብ ብቻ ቀረ። እስካሁን ይቆጨኛል። አፈሩ ይድረቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ቀስ ብላችሁ አራግፉት። ትንሽ ፌስታል ውስጥ አድርጉና የማሳውን ስምና ቀኑን ጻፉበት።

«የቤተሰቤ መሬት ላይ ማን ይከለክለኛል?»

እንግሊዝ አገር የባለመሬቱን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው፤ በሕግ የተጠበቁ ጥንታዊ ቦታዎች ላይ ደግሞ እሱም አይበቃም። አገር ቤት ለእረፍት ስትሄዱ መሣሪያውን ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ አይቻልም። መሬቱ የአባታችሁ ቢሆንም። ስታርሱ ወይም መሠረት ስትቆፍሩ በአጋጣሚ ያገኛችሁትንም ሳትነካኩ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለባችሁ።