ኤልዋይፍ ምንድን ነው? የሳልመኑን ዕጣ የያዘው ትንሽ ዓሣ

በሐምሌና በነሐሴ፣ በአሜሪካው ሚሺጋን ሐይቅ ወደቦች ጀልባዎች ሲመለሱ ዓሣ በሚጸዳበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው ይሰበሰባል። ቢላዋው የቺኑክ ሳልመኑን ሆድ ከሰነጠቀ በኋላ ጨጓራው ዝም ብሎ አይጣልም፤ ተከፍቶ ይታያል። ደህና በበላ ሳልመን ውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ፣ ጎናቸው ጠፍጣፋ የሆነ ብርማ ዓሦች ተደራርበው ይገኛሉ። ኤልዋይፍ ማለት እነሱ ናቸው። ስለ ሐይቁ ሳልመን የሚያወራ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ መጨረሻው ስለ እነሱ ማውራት ነው።

ኤልዋይፍ የሄሪንግ ዘመድ ሲሆን የትውልድ ቦታው አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ወደ ላይኞቹ ታላላቅ ሐይቆች እንዳይወጣ የናያጋራ ፏፏቴ አግዶት ኖሯል። መርከቦች ፏፏቴውን ዞረው እንዲያልፉ የተቆፈረው የዌላንድ ቦይ ግን ለእሱም መንገድ ሆነለት፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ሂዩሮን ሐይቅ ውስጥ፣ በ1949 ደግሞ ከ15 ጣና በላይ በሚውጠው በሚሺጋን ሐይቅ ተገኘ። በዚሁ መንገድ የገባው ደም መጣጩ ላምፕሬይ፣ ሌክ ትራውት የሚባለውን የሐይቁን ነባር አዳኝ ጨርሶት ስለነበር ኤልዋይፍን የሚበላው ጠፋ። ተባዝቶ ተባዝቶ በ1967 በጅምላ ሲያልቅ የሺካጎ ዳርቻዎች በበሰበሰ ዓሣ ተሸፈኑ። ሬሳውን የዛቁት ቡልዶዘሮች ነበሩ።

ሳልመን የመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚሺጋን ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የነበሩት ሃዋርድ ታነር፣ ሁሉም የተጸየፈውን ዓሣ እንደ መኖ አዩት። ከኦሪገን በመጣ እንቁላል የተፈለፈሉ የኮሆ ሳልመን ጫጩቶች በ1966 ተለቀቁ፤ ቺኑክ በዓመቱ ተከተለ። በ1967 መጸው ኮሆው አድጎ ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ሕዝቡ ትንሽ ትልቅ ጀልባ ሳይል ወደ ሐይቁ ወጣ። መስከረም ላይ ማዕበል እንደሚነሳ ተነግሮ ሳለ አንመለስም ያሉ ብዙ ነበሩ፤ በዚያ ቀን ሰባት ሰዎች ሰጠሙ። የዓሣው ጉጉት ምን ያህል እንደነበር ከዚህ በላይ የሚነግረኝ የለም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ሳልመን ለማግኘት ብዙ ጫጩት መልቀቅ አይበቃም። ግጦሹ ሳይታይ ከብት አይበዛም። በተለይ ቺኑክ ምግብ መራጭ ነው፤ ክፍት ውሃ ላይ እየዋኘ ኤልዋይፍ ያሳድዳል እንጂ እንደ ሌክ ትራውት ወደ ታች ወርዶ ጎቢ የሚባለውን የድንጋይ ስር ዓሣ ለመልቀም ብዙም አይነሳም። ስለዚህ የሐይቁ ጠባቂዎች ሁለቱን በክብደት ያነጻጽራሉ። በሚሺጋን ሐይቅ የተያዘው ዒላማ ለ100 ኪሎ ኤልዋይፍ 5 ኪሎ ቺኑክ ነው፤ ወደ 10 ሲጠጋ የአደጋ ምልክት ነው።

ሚዛኑ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ሂዩሮን ሐይቅ አሳይቷል። ባሕር ተሻጋሪ መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ ጭነውት በሚመጡት ውሃ የዜብራና የኩዋጋ ሙስሎች ገቡ፤ ዜብራው በ1988 ነው የታየው። ጥፍር የሚያህሉት እነዚህ ዛጎል ለባሾች ውሃውን እያጣሩ ረቂቁን ምግብ ይለቅማሉ። ውሃው መስታወት መሰለ፤ የሚያምረው ጥራት ግን የረሃብ ጥራት ነበር። ከላይ ሳልመኑ ሲበላው፣ ከታች ምግቡ ሲያልቅበት፣ በ2003 እና 2004 የሂዩሮን ኤልዋይፍ ወደቀ። ቺኑኩም ከስቶ ተከተለው። በሳልመን እንግዳ ይኖሩ የነበሩ የዳርቻ ከተሞች ገበያቸው ቀዘቀዘ፤ ጀልባ አከራዮች ሥራ ለቀቁ።

ግን ሌላም ነገር ሆነ። ኤልዋይፍ የነባር ዓሦችን ጫጩት ይበላል፤ ሥጋው ውስጥ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለ እሱን የበላች ሌክ ትራውት የምትወልዳቸው ጫጩቶች ይሞታሉ። እሱ ሲጠፋ በሂዩሮን ሐይቅ የሳጊኖ ባሕረ ሰላጤ ዎልአይ የተባለው ነባር ዓሣ በረከተ፣ ሌክ ትራውትም በራሱ መራባት ጀመረ። ሳልመኑን ያጡትን ሰዎች ኀዘን ባልንቅም፣ ይህን ኪሳራ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ሚሺጋን ሐይቅ ከዚህ ተምሮ በ2013 የሚለቀቀውን ቺኑክ በግማሽ ቀነሰ፣ በ2017ም ደገመ። አጥማጆች «ዓሣ ስናጣ እንዴት ትቀንሳላችሁ?» ማለታቸው አይፈረድም። ሆኖም ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ሙስሉን ከሐይቁ ማውጣት የቻለ የለም፣ በሰው እጅ የቀረው ኤልዋይፍን የሚበላው አፍ ቁጥር ብቻ ነው። እሱም ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ቺኑክ ወንዞች ውስጥ በራሱ መራባት ከጀመረ ቆይቷል፣ በሂዩሮን በኩል ያለውም ምግብ ፍለጋ ሁለቱን ሐይቆች በሚያገናኘው በማኪናው ሰርጥ ይሻገራል።

ለዚህ ነው ጠረጴዛው ላይ ከጨጓራው ሌላ ጅራቱ አካባቢ የሚታየው። የመፈልፈያ ጣቢያ ቺኑኮች ሲለቀቁ ከጀርባቸው በስተኋላ ያለችው ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ትቆረጣለች። ክንፏ በቦታዋ ካለች ዓሣው በአብዛኛው ወንዝ ውስጥ የተወለደ ነው፤ ዛሬ ከሐይቁ ከሚወጡት ቺኑኮች ብዙዎቹ ክንፋቸው አልተነካም።