«እግርህን ተመልከት»፦ የቀድሞ ሕይወት ፈላጊዎችና የፈዋሾች ስብስብ

በቀድሞ ሕይወት ፈላጊዎችና በፈዋሾች ስብስብ ወንበር ብዙም አይፈለግም። ሰው የሚመጣው ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስና ትራስ ይዞ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሶፍት በየጥጉ ይቀመጣል። ሶፍቱ ለጉንፋን አይደለም። የሚያለቅስ ሰው አይጠፋም።

የቀድሞ ሕይወት ሪግሬሽን ማለት ሰውን በሂፕኖሲስ (በንግግር እየመሩ እንቅልፍ መሰል ሰመመን ውስጥ በማስገባት) ወይም ዓይን ጨፍኖ በሚደረግ የምናብ ጉዞ እየመሩ፣ ከመወለዱ በፊት ኖሮታል የሚባለውን ሕይወት «እንዲያስታውስ» ማድረግ ነው። የዛሬው ፍርሃት፣ ሕመም ወይም የትዳር ጭቅጭቅ ሥሩ እዚያ ነው፤ ሥሩ ከታየ ይድናል፤ እምነቱ ይኸው ነው። ይህን ሥራዬ ብለው የያዙ ሰዎች ልምድ ለመለዋወጥ፣ አዲስ ሰው ለማሠልጠን፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደንበኛ ለማግኘትም ይሰባሰባሉ። የአንድ ቀን ወርክሾፕ አለ፤ ሳምንት የሚፈጅም አለ። ሪኪ የሚባለውን የእጅ ፈውስ የሚሰጡ፣ ለፈውስ ክሪስታል ድንጋይ የሚደረድሩ፣ ከሙታን መልእክት እንቀበላለን የሚሉም ከጎናቸው አይቀሩም።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። ዳግም መወለድ በሂንዱና በቡድሃ እምነት ምሰሶ ነው። አውሮፓ ውስጥ ፈረንሳዊው አላን ካርዴክ እ.ኤ.አ. በ1857 ከሙታን መናፍስት ጋር መነጋገር ይቻላል የሚለውን የስፒሪቲዝምን ትምህርት በመጽሐፍ አወጣ። በ1875 ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተው፣ የሃይማኖቶችን ስውር ጥበብ የሚፈልገው የቲኦሶፊ ማኅበርም የምሥራቁን ሐሳብ ለምዕራቡ አንባቢ አቀረበ። የቀድሞ ሕይወትን በሂፕኖሲስ መፈለግ ግን ትልቅ ወሬ የሆነው በአሜሪካ ነው። በ1952 በኮሎራዶዋ ፑዌብሎ ከተማ ሞሪ በርንስታይን የተባለ ነጋዴ ቨርጂኒያ ታይ የተባለችን ሴት በሂፕኖሲስ ወደ ኋላ መለሳት። እሷም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ የኖረች ብራይዲ መርፊ ነበርኩ አለች። መጽሐፉ በ1956 ወጥቶ አገር አዳረሰ። ጋዜጠኞች አየርላንድ ሄደው ሲፈልጉ የብራይዲን የልደት መዝገብ አጡ። ሌሎቹ ቨርጂኒያ ያደገችበትን ቺካጎን ቢያስሱ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት አንዲት አየርላንዳዊት ትኖር እንደነበር ደረሱበት። የዚያች ጎረቤት ከጋብቻ በፊት የነበራት ስም ምን ነበር? ብራይዲ መርፊ።

የዛሬዎቹ ስብስቦች ይበልጥ የሚመስሉት ግን የብራያን ዋይስን መንገድ ነው። ዋይስ በማያሚ ይሠራ የነበረ የአእምሮ ሐኪም ነው። አንዲት ታካሚው በሂፕኖሲስ ስለ ቀድሞ ሕይወቶቿ ነገረችኝ ብሎ በ1988 መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በሽያጭ ገነነ፤ ሰውየውም አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ በሂፕኖሲስ የሚያስተኛ አሠልጣኝ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ምንጣፉ እንመለስ። መብራት ይደበዝዛል። መሪው በቀስታ ድምፅ ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል ሰውነትን ያፍታታል። ከ10 ወደ 1 ይቆጥራል፤ ደረጃ ያስወርዳል፤ በር ያስከፍታል። ከዚያ ያቺ የታወቀች ትእዛዝ ትመጣለች፦ «እግርህን ተመልከት። ምን ተጫምተሃል?» እኔን ሁልጊዜ የምትገርመኝ ይህች ናት። ጫማ ከተጠየቅህ ጫማ ይታይሃል። ነጠላ ጫማ ከሆነ በረሃ ይከተላል፣ ቡትስ ከሆነ ጦርነት። ቀጥሎ ልብስ፣ ቤት፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው፣ በመጨረሻም የሞት ሰዓት። ከሥጋ ወጥቶ ወደ ላይ መንሳፈፍ አለ፤ «ከዚህ ሕይወት ምን ተማርክ?» አለ። ከዚያ ከ1 እስከ 5 ተቆጥሮ ይነቃል።

ወዲያው ሰዉ ሁለት ሁለት ይሆናል። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ማቋረጥ ክልክል ነው። ለእኔ የስብስቡ እውነተኛ ጉልበት እዚህ ጋ ነው። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስልኩን ሳይነካ ሃያ ደቂቃ የሚሰማው ሰው ስንቱ አለው? ከዚያ ማይክ ይዞራል። የመጀመሪያው ተናጋሪ «በእሳት ሞቼ ነበር» ካለ፣ ከሱ በኋላ የሚነሱት እሳት ማየታቸው ብዙ አያስደንቅም።

ሌላም ጨዋታ አለ። ከማያውቁት ሰው ጋር ቁልፍ ወይም ሰዓት ተለዋውጦ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ የመጣውን ስሜት ሁሉ መናገር። የገጠመው ግምት ይጨበጨብለታል፤ ያልገጠመው ይረሳል።

የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ካናዳ በሚገኘው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ ኒኮላስ ስፓኖስና ባልደረቦቹ በ1991 ባወጡት ጥናት፣ ሰው የሚያየው «የቀድሞ ሕይወት» አስቀድሞ በተነገረው ነገር ልክ የሚቀረጽ ሆኖ ተገኘ። የድሮ ዘመን ልጆች ብዙ ጊዜ ይበደሉ ነበር የተባሉት ተሳታፊዎች የበደል ታሪክ ይዘው ተነሡ። ከየት እንደሰማነው የረሳነው ወሬና ያነበብነው ልብ ወለድም ትዝታ መስሎ ይመጣል። የቀድሞ ሕይወት አለን የሚሉ ሕፃናትን ለዓመታት ያጠናው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ኢያን ስቲቨንሰን እንኳ የሂፕኖሲስ ትረካዎችን በጥርጣሬ ነበር የሚያያቸው።

የእጅ ፈውሱም የራሱ ፈተና ገጥሞታል። በ1998 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የ11 ዓመቷን የኤሚሊ ሮዛን ሙከራ አተመ። የሰውን «ኃይል» በእጃችን እንለያለን የሚሉ 21 ባለሙያዎች እጃቸውን በመጋረጃ ቀዳዳ አሾለኩ፤ እሷ ከሁለቱ ወደ አንዱ መዳፍ እጇን አስጠጋች። ከ280 ሙከራ ትክክል የመለሱት 44 በመቶውን ብቻ ነው። ሳንቲም ቢወረወር ይሻል ነበር ማለት ነው። የተፈተነው ግን ቴራፒዩቲክ ታች የሚባለው የእጅ ፈውስ እንጂ ሪኪ አልነበረም።

ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ከእውነታ የመነጠል ሕመም ወይም ከባድ የልብ ስብራት ያለበት ሰው፣ ሐኪም በሌለበት አዳራሽ የራሱን ሞት እንዲያይ ሲደረግ ሊብስበት ይችላል። መድኃኒቱን ከነጭራሹ የሚያቆምም አለ። ጠንቃቃ አዘጋጆች ይህን በምዝገባ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹ ፎርም አስፈርመው ያልፋሉ።

በየስብስቡ ደግሞ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም፤ ጨለማ ብቻ አይቶ፣ አንዳንዴም አንኮራፍቶ የሚነሣ። ለዚህም መልስ አለ። «ካልመጣልህ ፍጠረው፤ የፈጠርከውም ከአንተ ነው» ይሉታል። ያም ካልሠራ፣ ቤቱ ሆኖ እንዲለማመድ የመሪው ድምፅ የተቀዳበትን ቅጂ ሸጠውለት ይሸኙታል።