ሶን ምንድን ነው? ጸጥተኛ የተባለው ፋንስ ለምን ይጮሃል?

የመታጠቢያ ቤት አየር ማስወጫ ፋን ሲመረጥ ደጋግሞ የሚያምታታው ሶንን እንደ ዴሲቤል፣ ማለትም እንደተለመደው የድምፅ መለኪያ፣ መቁጠር ነው። ሶን የሚለካው ድምፁ ለጆሯችን ምን ያህል እንደሚጎላ ነው፤ 2 ሶን የ1 ሶን እጥፍ ሆኖ ይሰማል። በዴሲቤል ግን ያው እጥፍ የ10 ገደማ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ባለ 4 ሶኑ ፋን ከባለ 1 ሶኑ አራት እጥፍ ይጮሃል፤ በዴሲቤል ልዩነታቸው 20 ያህል ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው የሶን ቁጥር በላቦራቶሪ የተለካ ነው። ቤት ውስጥ ድምፁን የሚወስነው፣ እኔ እንደማየው፣ ከሁሉ በላይ ቱቦው ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቱቦ የተሠራን ፋን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ማጥበብ፣ ተጣጣፊውን ቱቦ ሳይወጥሩ ማርዘም ወይም ልክ ከፋኑ አፍ ላይ ማጠፍ አየሩን ያፍነዋል፤ ፋኑም ይጮሃል። ጭማሪው ስንት እንደሚሆን እንደ ቱቦው ርዝመትና መታጠፊያ ይለያያል። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቱቦ ይኑር። በሩ ሥር አየር የሚገባበት ክፍተት መኖሩንም አይርሱ።